ልብ ማለትን መማር፤ የተመስጦ ሀሁ ለጀማሪ

«ልብ በል!» እየተባለ ያላደገ አማርኛ ተናጋሪ የለም፡፡ ወተቱ ሲገነፍል እናት፣ ተማሪው በመስኮት አሻግሮ ሲመለከት መምህር፣ አስፋልት ሲሻገር መንገደኛው ሁሉ «ልብ በል» ይለዋል፡፡ ልብ እንዴት እንደሚባል ግን ቁጭ አድርጎ ያስተማረን የለም፡፡ እንደ ዋናና እንደ ጽሕፈት በልምምድ የሚገኝ ሙያ መሆኑንም የሚነግረን አላገኘንም፡፡ ዛሬ «ሜዲቴሽን» ተብሎ በየስልኩ የሚተዋወቀውና በየሆቴሉ የሚሸጠው ነገር መነሻው ይኸው ልብ የማለት ትምህርት ነው፡፡

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ባሳለፈው ውሳኔ ዲሴምበር 21ን፣ በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 12 ቀን የሚውለውን፣ የዓለም የሜዲቴሽን ቀን ብሎ ሰይሞታል፡፡ ቀን ተሰየመለት ማለት ግን ሰው ገባው ማለት አይደለም፡፡ በአገራችን ስለ ጉዳዩ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፡፡ አንዱ ወገን የበሽታ ሁሉ መድኃኒት ያደርገዋል፤ ሌላው ባዕድ አምልኮ ነው ብሎ በሩን ይዘጋል፡፡ ይህ ጽሑፍ ሞክሮት ለማያውቅ ሰው የተዘጋጀ ነው፡፡ ያ ሰው በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ጸጥታ ብርቅ በሆነበት ሠፈር፣ ከሥራ ደክሞ የሚገባ ነው እንበል፡፡ ለእሱ ይሆናል? እንዴትስ ይጀምራል? ምን ሊጠብቅ፣ ምንስ ሊጠነቀቅ ይገባዋል?

ቃሉ ራሱ ያሳስታል

ሜዲቴሽንን «ተመስጦ» ብለን መተርጎም ለምደናል፡፡ ቃሉ ያማረ ነው፤ ለጀማሪ ግን ያሳስታል፡፡ በግእዝ «መሠጠ» ማለት ነጠቀ፣ ወሰደ ማለት ነው፡፡ የተመሰጠ ሰው ከራሱ ተነጥቆ የሄደ ሰው ነው፡፡ ስለዚህ ጀማሪው ዐይኑን ጨፍኖ ሲቀመጥ የሆነ ነገር መጥቶ እስኪነጥቀው ይጠብቃል፡፡ ሐሳቡ ጸጥ እንዲል፣ ብርሃን እንዲታየው፣ ሰውነቱ እንዲቀልለው ይሻል፡፡ የሚያገኘው ግን ሌላ ነው፡፡ ሦስት ጊዜ ሳይተነፍስ የቤት ኪራይ ትዝ ይለዋል፡፡ ከኪራዩ ወደ አከራዩ፣ ከአከራዩ አምና ወደ ተጣሉበት ጉዳይ፣ ከዚያ ደግሞ ወደ ልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ይሄዳል፡፡ ከአምስት ደቂቃ በኋላ «ለእኔ አይሆንም» ብሎ ይነሣል፡፡

ይህ ሰው አልተሳሳተም፤ ልምምዱ ተጀምሮለት ነበር፡፡ የጀማሪ ተመስጦ የመነጠቅ ሳይሆን የመመለስ ሥራ ነው፡፡ አራት ነገሮች ብቻ አሉት፡፡ ልብን አንድ ነገር ላይ ማሳረፍ፣ ልብ መሄዱ፣ መሄዱን ማወቅ፣ ያለ ቁጣ መመለስ፡፡ ሁለተኛው በራሱ ይመጣል፤ ማንም ሊያስቀረው አይችልም፡፡ ሥራው ያለው በሦስተኛውና በአራተኛው ላይ ነው፡፡ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ልቡ ሠላሳ ጊዜ ሄዶ ሠላሳ ጊዜ የመለሰው ሰው፣ ሠላሳ ጊዜ ክብደት አንሥቶ እንዳስቀመጠ ስፖርተኛ ይቆጠራል፡፡

የልብ መባዘን የአንድ ሰው ደካማነት አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2010 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ የሁለት የሃርቫርድ ተመራማሪዎች ጥናት 2,250 አዋቂዎችን በእጅ ስልካቸው አማካይነት በየመሀሉ እየጠየቀ፣ በዚያች ቅጽበት ምን እንደሚያደርጉና ምን እንደሚያስቡ መዝግቧል፡፡ ከተጠየቁበት ጊዜ 46.9 በመቶ በሚሆነው አሳባቸው ከሚሠሩት ሥራ ውጭ ነበር፡፡ ሐሳባቸው ሲባዝን ደግሞ በሥራቸው ላይ ካለበት ጊዜ ያነሰ ደስታ ይሰማቸው ነበር፡፡

ከቤታችን የራቀ አይደለም

የዘመናዊው ሜዲቴሽን ምንጭ በአብዛኛው የቡድሃና የሂንዱ ሃይማኖት ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም፡፡ ልብን የመሰብሰብ ጥበብ ግን የእነሱ ብቻ ሆኖ አያውቅም፡፡ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የመጻሕፍት ትርጓሜ ትምህርት ውስጥ «መጽሐፈ መነኮሳት» የሚባል ክፍል አለ፡፡ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ የተባሉትን ሦስት መጻሕፍት የሚይዝ ሲሆን፣ ስለ አርምሞ፣ ስለ ሐሳብ መባዘንና ሐሳብን ስለ መጠበቅ ከዘመናችን የሥነ ልቡና መጻሕፍት ባልተናነሰ ጥልቀት ያስተምራል፡፡ መቁጠሪያ ይዞ 41 ጊዜ እግዚኦታ የሚያደርስ ምእመንም ልቡ በአሥረኛው ላይ ሄዶ በሃያኛው ላይ እንደሚመለስ ከማንም በላይ ያውቃል፡፡ ሙስሊሙም ከሶላት በኋላ በጣቱ ወይም በመስቢያው 33 ጊዜ እየቆጠረ ፈጣሪውን ሲያወሳ የሚታገለው ከዚሁ ከሚባዝን ልብ ጋር ነው፡፡ በወሎ የሱፍዮች ማዕከላት የሚደረገው ዚክርም የልብ መሰብሰቢያ ሥርዓት ነው፡፡

እነዚህ ሁሉ ከሜዲቴሽን ጋር አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም፡፡ ጸሎት ለአንድ አካል የሚቀርብ ነው፤ ዕርፍትን ለማግኘት ብቻ የሚጸልይ ሰው ጸሎትን አሳንሶ ተረድቷል፡፡ የሚያገናኛቸው መሣሪያው ነው፤ ልብን መሰብሰብ፡፡ ስለዚህ ሃይማኖቱን አጥብቆ የያዘ አንባቢ ሁለት መንገድ አለው፡፡ ወይ ትንፋሹን ብቻ መከተል፣ ወይ ደግሞ ከራሱ እምነት የሚያውቀውን አጭር የጸሎት ቃል መያዝ፡፡ የሃርቫርዱ የልብ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ አንድን ቃል ከትንፋሽ ጋር ደጋግሞ ማለት ሰውነትን እንደሚያረጋጋ አስተምሯል፤ በኋላም ሕመምተኞች ቃሉን ከራሳቸው እምነት እንዲመርጡ መክሯል፡፡ ጆን ካባት ዚን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ከቡድሃ ትምህርት የልምምዱን ክፍል ወስዶ፣ የእምነቱን ክፍል ትቶ፣ ለሕመምተኞች ሥልጠና ጀምሯል፡፡ ዛሬ በየሆስፒታሉ የሚሰጠው በአብዛኛው የዚህ ሥልጠና ልጅ ነው፡፡

ሁሉም ዓይነት ግን ከእምነት ነጻ አይደለም፡፡ በአሜሪካ የኒው ጀርሲ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች «ትራንሴንደንታል ሜዲቴሽን» የተባለውን ትምህርት ሲያስተምሩ ወላጆች ክስ መሥርተው ነበር፡፡ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1977 ትምህርቱ ሃይማኖታዊ ይዘት ስላለው በሕዝብ ትምህርት ቤት ሊሰጥ አይገባም ሲል ወስኗል፤ ይግባኝ ሰሚውም በ1979 ውሳኔውን አጽንቷል፡፡ ከፍርዱ ምክንያቶች አንዱ ተማሪው ቃሉን ሲቀበል የሚፈጸመው ሥነ ሥርዓት ነበር፡፡ በእኛም ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንንም በእምነቱ ጉዳይ ማስገደድን ይከለክላል፤ አንቀጽ 90 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲሰጥ ያዛል፡፡ ስለዚህ አስተማሪ የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያው ቀን ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ ግልጽ ነው፡፡ «የምንለው ቃል ምን ማለት ነው? ሥነ ሥርዓት አለው ወይ?» መልሱን የሚሸሽ አስተማሪ ዘንድ አይቆዩ፡፡

ጥናቱ ምን ይላል?

እዚህ ላይ ከገበያው ወሬ ይልቅ መዝገቡን ማየት ይሻላል፡፡ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ግምገማ 3,515 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 47 ጥናቶች መርምረዋል፡፡ ልምምዱ ጭንቀትን፣ ድብርትንና ሕመምን በመጠኑ እንደሚያቀልል አግኝተዋል፡፡ ከመድኃኒት፣ ከአካል ብቃት እንቅስቃሴ ወይም ከሌላ የምክር ሕክምና እንደሚበልጥ ግን ማስረጃ አላገኙም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት የጭንቀት ሕመም ያለባቸውን 276 ሰዎች ለሁለት ከፍሎ፣ ለግማሹ የስምንት ሳምንት ሥልጠና፣ ለግማሹ ኤስሲታሎፕራም የተባለ የታወቀ መድኃኒት ሰጥቶ ውጤቱ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል፡፡ ሠልጣኞቹ ግን በየሳምንቱ ክፍል እየገቡ፣ በየቀኑም 45 ደቂቃ እንዲለማመዱ ተነግሯቸው ነበር፡፡ አልፎ አልፎ አምስት ደቂቃ የተቀመጠ ሰው ያንኑ ውጤት ሊጠብቅ አይችልም፡፡

በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ከ8,000 በላይ ተማሪዎችን ያካተተ ትልቅ ጥናት በትምህርት ቤት የተሰጠው ሥልጠና ከተለመደው ትምህርት የተሻለ የአእምሮ ጤና አለማምጣቱን አሳይቷል፡፡ አብዛኞቹ ልጆች ልምምዱን ቤታቸው አልሠሩትም ነበር፡፡ ከዚህ የምንማረው ተመስጦ ፈቅዶ ለሚሠራው ሰው የሚጠቅም፣ በግዴታ የማይሰጥ ነገር መሆኑን ነው፡፡

እንዴት ይጀመራል?

የሚያስፈልገው ወንበር ወይም በርጩማ፣ የስልክ ማንቂያና አሥር ደቂቃ ነው፡፡ ምንጣፍ፣ ዕጣን፣ ልዩ ልብስ አያሻም፡፡

1. ሰዓት ይምረጡ፡፡ ከሁሉም የሚቀልለው ጧት ነው፤ ፊት ከታጠቡ በኋላ፣ ስልክ ከመነካቱ በፊት፡፡ ጧት የታክሲ ሰልፍ የሚጠብቀው ሰው ማታ ከሥራ እንደገባ፣ እራት ሳይቀርብ ቢቀመጥ ይሻለዋል፡፡ ጠግበው ከተቀመጡ እንቅልፍ ይቀድማል፡፡

2. አቀማመጥዎን ያስተካክሉ፡፡ እግርዎ መሬት ይንካ፤ ጀርባዎ ይቅና እንጂ አይገተር፤ እጅዎ ጭንዎ ላይ ይረፍ፡፡ እግር አጣጥፎ መቀመጥ የለመደ ይችላል፤ ያልለመደው ጉልበቱን አያሠቃይ፡፡ ዐይን መጨፈን ካስጨነቀዎ ወለሉ ላይ አንድ ቦታ እያዩ ይቀመጡ፡፡

3. ትንፋሽዎን ይፈልጉ፡፡ ከአፍንጫ ጫፍ፣ ከደረት ወይም ከሆድ በጉልህ የሚሰማዎትን አንዱን ይምረጡ፡፡ ትንፋሹን አያርዝሙት፣ አያሳጥሩት፤ በራሱ ሲገባና ሲወጣ ልብ ይበሉት፡፡ አየር ስናስገባ የልብ ምት ጥቂት ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ዝግ ይላል፡፡ ሰው ሲጨነቅ «እፎይ» የሚለው አየር ሲያስወጣ መሆኑም ያለ ነገር አይደለም፡፡

4. ይቁጠሩ፡፡ አየር ባስወጡ ቁጥር አንድ፣ ሁለት እያሉ እስከ አሥር ይድረሱና እንደገና ከአንድ ይጀምሩ፡፡ ቁጥሩ ከጠፋብዎ ወይም ሃያ ሦስት ላይ ራስዎን ካገኙት ልብዎ ሄዶ ነበር ማለት ነው፡፡ ፈገግ ብለው ከአንድ ይጀምሩ፡፡

5. ሐሳብ ሲመጣ ስም ይስጡት፡፡ «ዕቅድ»፣ «ጸብ»፣ «ትዝታ»፣ «ገንዘብ» ብለው በልብዎ ይጥሩትና ወደ ትንፋሹ ይመለሱ፡፡ ከሐሳቡ ጋር አይከራከሩ፡፡ ክርክር የጀመረ ሰው ተመልሶ አልመጣም፡፡

6. ማንቂያው ሲጮህ ቶሎ አይነሡ፡፡ አንድ ጊዜ በረዥሙ ተንፍሰው፣ ሰውነትዎ እንዴት እንደሆነ ልብ ብለው ይነሡ፡፡ «ዛሬ ጥሩ ነበር፣ ዛሬ መጥፎ ነበር» ብለው ማርክ አይስጡ፡፡ የተቀመጡበት ቀን ሁሉ ተሠርቷል፡፡

በቃሊቲ ጫጫታ መሀል

«ጸጥ ያለ ቦታ የለኝም» የሚለው ምክንያት በአቃቂ ቃሊቲ እውነትነት አለው፡፡ ቃሊቲ ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ለዓመታት የሚሮጠው ወደ ማረሚያ ቤቱ ነበር፡፡ ለነዋሪው ግን ከማረሚያ ቤቱ ይልቅ የሚታወቀው ፋብሪካውና መንገዱ ነው፡፡ ጨርቃ ጨርቁ፣ ብረታ ብረቱ፣ መለዋወጫው ከጥንት ጀምሮ የተተከሉት በዚህ አካባቢ ነው፡፡ ወደ ቢሾፍቱና አዳማ፣ ከዚያም አልፎ ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ከባድ መኪና በዚህ ያልፋል፡፡ የአዳማው የፍጥነት መንገድ የሚነሣው ከቱሉ ዲምቱ ነው፡፡ በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ የጀመረው የሰሜን ደቡብ የቀላል ባቡር መስመርም ደቡባዊ ጫፉ ቃሊቲ ነው፡፡ በላዩ ላይ የኮንዶሚኒየሙ ጎረቤት፣ የብሎኬት ማምረቻው፣ የብየዳ ቤቱና የየእምነቱ ድምፅ ማጉያ ይጨመርበታል፡፡

ለጀማሪ የሚበጀው ጸጥታን መጠበቁን ትቶ ድምፁን ራሱን መለማመጃ ማድረግ ነው፡፡ በሳምንት ሁለት ቀን ትንፋሹን ትተው ድምፅ ይስሙ፡፡ መስኮት አጠገብ ይቀመጡ፡፡ ድምፁ ከየት እንደመጣና የማን እንደሆነ ሳይመረምሩ፣ ቅርብና ሩቁን፣ ወፍራምና ቀጭኑን፣ ሲጀምርና ሲያቆም ልብ ይበሉ፡፡ አንድ ሲኖትራክ ማርሽ ሲቀይር ሁለት ነገር ይሰማል፡፡ የመጀመሪያው ድምፁ ነው፤ ጥቂት ሰኮንድ ቆይቶ ያልፋል፡፡ ሁለተኛው «ይህ ሰውዬ ሰው የሚተኛበት ሠፈር መሆኑን አያውቅም?» የሚለው የራስዎ ንግግር ነው፡፡ መኪናው ዱከም ከደረሰ በኋላም ንግግሩ አላለቀም፡፡ የመኪናውን ድምፅ ማስቆም በእጅዎ አይደለም፤ ሁለተኛውን መቼ እንደጀመረ ማወቅ ግን ይለመዳል፡፡ ከተመስጦ የሚገኘው ተጨባጭ ጥቅም ይህ ነው፤ በነገሩና በምላሻችን መካከል ያለችውን ጠባብ ክፍተት ማየት፡፡

ቁጭ ማለት የማይመቸው ሰው ሌላ መንገድ አለው፡፡ በታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመው ሁለቱ እግሮችዎ መሬቱን ሲጫኑት ይሰማዎ፤ ከሰልፉ ጋር አንድ እርምጃ ሲራመዱ የትኛው እግር እንደቀደመ ልብ ይበሉ፡፡ ቤትም ቡና ሲፈላ ስልክዎን ከእጅዎ አውጥተው የአቦሉን ሲኒ ብቻ ይጠጡ፤ ቆሌቱ ሲንሿሿ፣ ሽታው ሲመጣ፣ ሲኒው ጣትዎን ሲያሞቀው፡፡ ጨዋታው በቶናና በበረካ ይደርሳል፡፡ መሪ የያዘ ሰው ግን ዐይን የሚያስጨፍን ወይም ሐሳብን የሚወስድ ልምምድ አይሞክር፤ ለአሽከርካሪ ልብ ማለት መንገዱን ማየት ነው፡፡

ትዕግሥት ሌላ፣ ዝምታ ሌላ

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሊለይ ይገባል፡፡ ጫጫታን ልብ ማለት ተማርን ማለት ጫጫታን ተቀበልን ማለት አይደለም፡፡ በዓለም ዙሪያ በሜዲቴሽን ላይ ከሚሰነዘሩት ትችቶች ጠንካራው ይህ ነው፡፡ ሰውን ከሚያስጨንቀው ነገር ጋር አስማምቶ ያኖረዋል፣ ችግሩን የፈጠረውን ወገን ነጻ ያወጣል ይባላል፡፡ ሠራተኞቹን ከሕግ ውጭ እያሠራ የ«ጭንቀት ማቅለያ» ሥልጠና የሚያዘጋጅ አሠሪ ትችቱን እውነት ያደርገዋል፡፡ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም፡፡ ከዚያ በላይ ሲሠራ ለከረመ ሠራተኛ የሚገባው መጀመሪያ ሰዓቱና ክፍያው ነው፤ ትንፋሽ መቁጠሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል፡፡

ጫጫታም ሕግ አለው፡፡ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብትን ይሰጣል፡፡ በአገሪቱ የወጣው የድምፅ ደረጃ ለመኖሪያ አካባቢ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል፤ ለኢንዱስትሪ አካባቢ ቀን 75፣ ሌሊት 70 ዴሲቤል ጣሪያ አድርጓል፡፡ በዴሲቤል አቆጣጠር የ10 ልዩነት የድምፁ ኃይል አሥር እጥፍ መሆኑን ያስታውሷል፡፡ ፋብሪካና መኖሪያ ቤት ግድግዳ በሚጋሩበት ክፍለ ከተማ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፡፡ በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 አንቀጽ 11 ደግሞ ማንኛውም ሰው የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ አካባቢን በሚጎዳ ሰው ላይ ለሚመለከተው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ የማቅረብ መብት ሰጥቷል፡፡ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልተስማማ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላል፡፡

ሁለቱ አይጣሉም፡፡ ሌሊቱን ሲብሰለሰል ያደረ ሰው ጧት የሚያቀርበው አቤቱታ ስድብና ጩኸት ይበዛበታል፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የድምፁን ምንጭ በእርጋታ መዝግቦ የሄደው ግን ይሰማል፡፡ ልብ ማለት የተለማመደ ሰው ጥሩ አቤት ባይም ጥሩ ምስክርም ይወጣዋል፡፡

ሲከብድ

ብዙዎቹ የጀማሪ ችግሮች ቀላል ናቸው፡፡ እንቅልፍ ከመጣ ዐይን መግለጥ ወይም ቆሞ መለማመድ፤ እግር ከደነዘዘ መነሣት፤ በጾም ቀን ረሃብ ካስቸገረ ረሃቡን ራሱን ሆድ ውስጥ የት ቦታ እንደሚሰማ ልብ ማለት፤ ልጆች ካቋረጡ ደግሞ ተነሥቶ መልስ መስጠትና ተመልሶ መቀመጥ፡፡ መሰልቸት በሁለተኛው ሳምንት መምጣቱ የተለመደ ነው፡፡

ከበድ ያሉም አሉ፡፡ እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የ83 ጥናቶች ግምገማ ከተለማማጆች ከመቶ ስምንት ያህሉ ደስ የማይል ነገር፣ በተለይም ጭንቀትና ድብርት፣ እንደገጠማቸው አመልክቷል፡፡ ጦርነት፣ መፈናቀል፣ ጥቃት ወይም ከባድ አደጋ ያለፈበት ሰው ዐይኑን ጨፍኖ በጸጥታ ሲቀመጥ ያየው ነገር ተመልሶ ሊመጣበት ይችላል፡፡ እንዲህ ያለ ሰው ዐይኑን ገልጦ፣ ለሁለትና ለሦስት ደቂቃ ብቻ፣ ከትንፋሽ ይልቅ የእግሩን መርገጥ ወይም የአካባቢውን ድምፅ ልብ ቢል ይሻለዋል፡፡ ከባሰበት ያቁም፤ ማቆም ሽንፈት አይደለም፡፡

የሌለ ድምፅ የሚሰማው፣ እንቅልፍ አጥቶ ለቀናት ከመጠን በላይ የተነቃቃ፣ ወይም ሕይወቱን ስለ ማጥፋት የሚያስብ ሰው የሚያስፈልገው ሐኪም እንጂ ተመስጦ አይደለም፡፡ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ለዚሁ የቆመ ነው፤ በሌሎች ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ተከፍተዋል፡፡ የታዘዘለትን መድኃኒት የሚወስድ ሰው «አሁን ተረጋግቻለሁ» ብሎ በራሱ ሥልጣን አያቋርጥ፡፡ ጠበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ይዞ እንዲሄድ እንደሚመከረው ሁሉ፣ ተመስጦም ከሕክምናው ጎን እንጂ በሕክምናው ፋንታ አይሆንም፡፡

ገንዘብ ያስፈልገዋል?

መሠረቱን ለመማር አያስፈልግም፡፡ ከላይ የተጻፈው ለመጀመሪያው ወር ይበቃል፡፡ መምህር ያስፈልገኛል የሚል ሰው ግን ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፡፡ በርማ ተወልዶ ባደገው መምህር ኤስ. ኤን. ጎይንካ የተስፋፋው የቪፓሳና የ10 ቀን ኮርስ በዓለም ዙሪያ ያለ ክፍያ የሚሰጥ ሲሆን፣ ወጪው ኮርሱን ጨርሰው በወጡ ሰዎች ልግስና ይሸፈናል፡፡ ትራንሴንደንታል ሜዲቴሽን ደግሞ በክፍያ ነው፡፡ ነጻ ስለሆነ ቀላል አይምሰልዎ፤ አሥር ቀን ሳይናገሩ፣ በቀን ብዙ ሰዓት መቀመጥ ለጀማሪ ከባድ ነው፡፡ ውድ ስለሆነም የተሻለ አይምሰልዎ፡፡ ፈውስን በዋስትና የሚሸጥ፣ መድኃኒት አቋርጡ የሚል፣ ከቤተሰብና ከወዳጅ የሚለይ፣ ጥያቄ የማይወድ አስተማሪ ካጋጠመዎ በሩ ወዲያ ነው፡፡

የአንድ ወር መርሐ ግብር

በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ አምስት ደቂቃ ትንፋሽ ይቁጠሩ፤ አምስት ብቻ፣ ነገር ግን ሳያቋርጡ፡፡ በሁለተኛው ወደ አሥር ያሳድጉት፤ ለሐሳብ ስም መስጠትንም ይጨምሩ፡፡ በሦስተኛው ከሰባቱ ቀናት በሁለቱ ትንፋሹን ትተው ድምፅ ይስሙ፤ በአንዱ ቀን ደግሞ ከእግር ጣት እስከ ራስ ቅል ሰውነትዎን በየተራ ልብ እያሉ ይለፉ፡፡ በአራተኛው አሥሩን ደቂቃ እንደያዙ፣ በቀን አንድ የተለመደ ሥራ፣ ዕቃ ማጠብ ወይም ደረጃ መውጣት ሊሆን ይችላል፣ ያለ ስልክና ያለ ሬዲዮ ይሥሩ፡፡ አንድ ቀን ቢያመልጥዎ በማግስቱ ሁለት እጥፍ ለመክፈል አይሞክሩ፤ ዕዳ የለብዎትም፡፡

በወሩ መጨረሻ ውጤቱን በተቀመጡበት ሰዓት ምን ተሰማኝ ብለው አይለኩት፡፡ ይልቅስ ቀኑን ይዩት፡፡ አንድ ጊዜ ልጅዎን ከመቆጣትዎ በፊት ቁጣው ሲመጣ አይተውት ያውቃሉ? አንድ መልእክት ጽፈው ሳይልኩት ሰርዘውታል? ማታ አልጋ ላይ የቢሮው ጉዳይ ሲዞርብዎ «ይኸው ጀመረ» ብለው ያወቁበት ሌሊት ነበር? እነዚህ ካሉ ልምምዱ እየያዘ ነው፡፡ ከሌሉ አንድ ወር ይጨምሩ፤ በሁለተኛውም ምንም ካላዩ ይተዉትና በእግር ይንቀሳቀሱ ወይም ሐኪም ያማክሩ፡፡ መድረሻው ጤናና ነቅቶ መኖር ነው፤ ሜዲቴሽን ከመንገዶቹ አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም፡፡